532 እና የወይን አትክልተኛው ድሜጥሮስ

ሐዋሳ ከተማ ውስጥ የበዓል ቀን የሚታወቀው በአንድ መንገድ ብቻ አይደለም፡፡ የሲዳማ የዘመን መለወጫ ፍቼ ጨምበላላ ሲቃረብ አያንቶ የሚባሉት አዋቂ ሽማግሌዎች ሌሊት ከዋክብትንና ጨረቃን ይመለከታሉ፡፡ ቀኑን ቆርጠው ካሳወቁ በኋላ ሕዝቡ ጉዱማሌ ላይ ይሰበሰባል፡፡ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስነት የተመዘገበው ይህ በዓል ዛሬም በዓይን በሚታይ ሰማይ ላይ የቆመ ነው፡፡ የከተማዋ ሙስሊሞችም የረመዳንን መግቢያና መውጫ ከአዲስ ጨረቃ መታየት ጋር አያይዘው ይጠብቃሉ፡፡ በሐዋሳ ቅዱስ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን ግን ዐቢይ ጾም መቼ እንደሚገባና ፋሲካ መቼ እንደሚውል ለማወቅ ወደ ሰማይ ማንጋጠጥ አያስፈልግም፡፡ መስከረም 1 ቀን የሚታወጀው የዓመቱ የአጽዋማትና የበዓላት ዝርዝር በማካፈልና በማባዛት ብቻ የተገኘ ነው፡፡

የዚህ ሒሳብ ስም ባሕረ ሐሳብ ይባላል፤ የቁጥር ባሕር እንደማለት ነው፡፡ የባሕሩ ዳርቻ ደግሞ አንድ ሙሉ ቁጥር ነው፤ 532፡፡ በየ532 ዓመቱ የዓመቱ መባቻ ዕለት፣ የጨረቃዋ ዕድሜ፣ ጾሙና ፋሲካው ሁሉ አንድም ሳይዛነፉ ወደነበሩበት ይመለሳሉ፡፡ የኢትዮጵያ ሊቃውንት ይህን ዙር ዐቢይ ቀመር ይሉታል፡፡ የሒሳቡን ባለቤት ሲጠየቁም የሚጠሩት አንድ ሰው ነው፤ 12ኛው የእስክንድርያ ሊቀ ጳጳስ ቅዱስ ድሜጥሮስ፡፡

ከማሳ ወደ መንበር

ድሜጥሮስ በመንበሩ የተቀመጠው ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ189 እንደሆነ ይታመናል፡፡ ስንክሳሩ እንደሚተርከው ፊደል ያልቆጠረ የወይን አትክልተኛ ነበር፡፡ ከእሱ በፊት የነበረው 11ኛው ሊቀ ጳጳስ ዩልያኖስ ሊያርፍ ሲል በራእይ አንድ ነገር ተነገረው፡፡ በማግስቱ ያለ ወቅቱ ያፈራ የወይን ዘለላ ይዞ የሚመጣ ሰው የእርሱ ተተኪ ነው ተባለ፡፡ ድሜጥሮስ በማግስቱ ወደ ማሳው ሲገባ ጊዜው ያልሆነ ወይን በስሎ አገኘና ለበረከት ብሎ ወደ ሊቀ ጳጳሱ ወሰደው፡፡ ዩልያኖስም ለካህናቱና ለሕዝቡ ሰውየውን አሳያቸው፡፡ ሊቀ ጳጳሱ ሲያርፍ ድሜጥሮስን ያለ ፈቃዱ ይዘው ሾሙት፡፡

ገበሬ መሆኑ ብቻ ሳይሆን ባለትዳር መሆኑም ሕዝቡን አላስደሰተውም፡፡ በመንበረ ማርቆስ ሚስት ያለው ሰው እንዴት ይቀመጣል የሚል ማጉረምረም ተነሣ፡፡ ትውፊቱ እንደሚለው ድሜጥሮስና ልዕልተ ወይን የምትባለው ሚስቱ የአጎትና የወንድም ልጆች ሆነው አብረው ያደጉ፣ ወላጆቻቸው ቢያጋቧቸውም በድንግልና ለመኖር የተስማሙ ነበሩ፡፡ ሐሜቱ ሲበዛ ድሜጥሮስ ሕዝቡን ሰብስቦ እንጨት አስነደደ፡፡ ፍሙን በእርሷ ልብስና በራሱ ልብስ ላይ አድርገው በሕዝቡ መካከል ሲዞሩ ልብሱ አልተቃጠለም ይላል ትረካው፡፡ ቤተ ክርስቲያን ይህን መጋቢት 12፣ ዕረፍቱን ደግሞ ጥቅምት 12 ቀን ታስባለች፡፡

በመንበሩ ላይ 43 ዓመት ያህል ቆይቶ በ232 ገደማ ሲያርፍ ዕድሜው 105 ዓመት እንደነበር ትውፊቱ ይናገራል፡፡ ይህ ከሆነ ለሹመት ሲጠራ የ62 ዓመት ሰው ነበር ማለት ነው፡፡ ዛሬ በርካቶች ጡረታ በሚወጡበት ዕድሜ እሱ ሥራ ጀመረ፡፡

በታሪክ ውስጥ ያለው ድሜጥሮስ

ከትውፊቱ ጎን ለጎን የታሪክ ጸሐፊው አውሳብዮስ ዘቂሣርያ ያቆየልን ሌላ ድሜጥሮስ አለ፡፡ እዚህ ላይ የምናገኘው ወይን አትክልተኛውን ሳይሆን ጠንካራ አስተዳዳሪውን ነው፡፡ በ202 ገደማ በንጉሥ ሴፕቲሚየስ ሴቬሩስ ዘመን በእስክንድርያ ክርስቲያኖች ላይ ስደት ሲነሣ የታወቀው መምህር ቀሌምንጦስ ከተማዋን ለቀቀ፡፡ አባቱን በሰማዕትነት ያጣ 18 ዓመት ገደማ የሆነው ወጣት ግን ማስተማሩን ቀጠለ፡፡ ይህ ወጣት ኦሪገን ነው፤ በእኛ መጻሕፍት አርጌንስ የሚባለው፡፡ ድሜጥሮስ የእስክንድርያን የትምህርት ቤት ኃላፊነት ለዚህ ልጅ ሰጠ፡፡ ደፋር ውሳኔ ነበር፡፡

ግንኙነታቸው ግን እስከ መጨረሻው አልዘለቀም፡፡ ኦሪገን በዘመኑ ከነበሩ ክርስቲያን ሊቃውንት ሁሉ የላቀ ዝና አገኘ፡፡ በፍልስጥኤም ያሉ ጳጳሳት ገና ምእመን ሳለ በጉባኤ እንዲያስተምር ሲጋብዙት ድሜጥሮስ ተቃወመ፤ አስጠርቶም መለሰው፡፡ በ230 ገደማ እነዚሁ ጳጳሳት ኦሪገንን ቅስና ሾሙት፡፡ ድሜጥሮስ ያለ ፈቃዱ የተደረገውን ሹመት አልተቀበለም፡፡ ጉባኤ ጠርቶ ኦሪገንን ከእስክንድርያ አስወጣው፤ ክህነቱንም ሻረ፡፡ ኦሪገን ቀሪ ሕይወቱን በቂሣርያ አሳለፈ፡፡ ድሜጥሮስም ብዙ ሳይቆይ ዐረፈ፤ መንበሩን የወረሰው የኦሪገን ተማሪ የነበረው ያሮክላስ መሆኑ የታሪክ ምጸት ነው፡፡

ከዚህ የሚበልጥ ምጸት ግን አለ፡፡ በዘመኑ ትልቁን ሊቅ ከከተማው ያስወጣው ሰው በእኛ ዘንድ የሚታወሰው በሊቅነቱ ነው፡፡ አባቶቻችን ለድሜጥሮስ የሰጡት ትልቁ ቅርስ ጉባኤው ወይም ሹመቱ ሳይሆን ሒሳቡ ነው፡፡

ሠላሳ ሱባኤ

በድሜጥሮስ ዘመን አብያተ ክርስቲያናትን ያወዛገበው ጥያቄ የፋሲካ ቀን ነበር፡፡ በታናሽ እስያ ያሉት አይሁድ ፋሲካን በሚያከብሩበት በጨረቃዋ 14ኛ ቀን፣ ዕለቱ የትኛውም ቢሆን ያከብሩ ነበር፡፡ ሮምና ሌሎች ደግሞ ከእሑድ ውጪ አይሆንም አሉ፡፡ በ190 ገደማ የሮሙ ቪክቶር ነገሩን እስከ ውግዘት ሊያደርሰው ነበር፡፡ አውሳብዮስ እንደጻፈው በዚያን ጊዜ የእስክንድርያና የፍልስጥኤም ጳጳሳት በዓሉን በአንድ ቀን ለማክበር ደብዳቤ ይጻጻፉ ነበር፡፡ የእስክንድርያው ጳጳስ ድሜጥሮስ ነው፡፡

የኢትዮጵያ ትውፊት ጉዳዩን ከውስጥ ይተርከዋል፡፡ ድሜጥሮስ አንድ ምኞት ነበረው፡፡ ጾመ ነነዌ፣ ዐቢይ ጾምና ጾመ ሐዋርያት ከሰኞ፤ ደብረ ዘይት፣ ሆሳዕና፣ ትንሣኤና ጰራቅሊጦስ ከእሑድ፤ ስቅለት ከዓርብ፤ ርክበ ካህናትና ጾመ ድኅነት ከረቡዕ፤ ዕርገት ከሐሙስ እንዳይወጡ ይመኝ ነበር፡፡ መልአክ ተገልጦ ይህ በምኞት ብቻ አይገኝም፤ ከሌሊቱ 23 ሱባኤ፣ ከቀኑ 7 ሱባኤ ግባ አለው፡፡

አንድ ሱባኤ 7 ቀን ነው፡፡ የሌሊቱ 23 ሱባኤ በ7 ሲባዛ 161 ይሆናል፡፡ ይህን በወር በ30 ብንገድፈው 11 ይተርፋል፡፡ ይህ ጥንተ አበቅቴ ነው፡፡ የቀኑ 7 ሱባኤ በ7 ሲባዛ 49 ይሆናል፤ 30 ሲገደፍ 19 ይቀራል፡፡ ይህ ደግሞ ጥንተ መጥቅዕ ነው፡፡ 11 እና 19 ሲደመሩ 30 ናቸው፡፡ ከዚያ በኋላ በየትኛውም ዓመት አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ 30 ይሆናሉ እንጂ ከዚህ አይወጡም፡፡

የጾሙ ታሪክ በእምነት የሚታይ ነው፡፡ ቁጥሮቹ ግን በሥነ ፈለክ ትርጉም አላቸው፡፡ 12 የጨረቃ ወራት 354 ቀን ገደማ ሲሆኑ የፀሐይ ዓመት 365 ቀን ነው፡፡ ልዩነቱ 11 ቀን ነው፤ አበቅቴ ማለት ይኸው ልዩነት ነው፡፡ 19 ደግሞ ፀሐይና ጨረቃ የሚታረቁበት የዓመት ብዛት ነው፡፡ በ19 ዓመት ውስጥ የሚጠራቀመው ልዩነት 11 በ19 ሲባዛ 209 ቀን ነው፡፡ አንድ ቀን ቢጨመርበት 210፣ ማለትም ልክ 7 ወር ይሆናል፡፡ ባሕረ ሐሳብ ይህችን አንድ ቀን በየ19 ዓመቱ አበቅቴን ወደ መነሻው ሲመልስ ሳያውጅ ያካትታታል፡፡

የ532 ጠባይ

የ532 ምሥጢር ያለው ከተገነባባቸው ሦስት ቁጥሮች ነው፤ 4፣ 7 እና 19፡፡ አራቱ የወንጌላውያን ዘመን ነው፤ ማቴዎስ፣ ማርቆስ፣ ሉቃስ፣ ዮሐንስ፡፡ ጳጉሜን 6 የምትሆነው በአራት ዓመት አንዴ ስለሆነ፡፡ ሰባቱ የሳምንቱ ዕለታት ናቸው፡፡ ዐሥራ ዘጠኙ የጨረቃ ዙር ነው፡፡ እነዚህ ሦስት ቁጥሮች ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ የላቸውም፡፡ ስለዚህ ሦስቱ ዙሮች አብረው ጀምረው እንደገና አብረው የሚገናኙት ከሦስቱ ብዜት ቀደም ብሎ ሊሆን አይችልም፤ 4 በ7 በ19፣ 532፡፡ ሊቃውንቱ መንገዱን በሦስት ደረጃ ከፍለውታል፡፡ 19 ዓመት ንኡስ ቀመር፣ 76 ዓመት ማዕከላዊ ቀመር፣ 532 ዓመት ዐቢይ ቀመር ይባላል፡፡

በ532 ዓመት ውስጥ ልክ 194,313 ቀናት አሉ፡፡ ይህ ያለ ቀሪ 27,759 ሳምንት ነው፡፡ በዚያው ጊዜ ቀመሩ 6,580 የጨረቃ ወራትን ይቆጥራል፡፡ ለጨዋታ ያህል ደግሞ ሌላም ጠባይ አለው፡፡ የጥንት ግሪኮች ጠጠር በአምስት ጎን ቅርጽ እየደረደሩ 1፣ 5፣ 12፣ 22፣ 35 እያሉ የሚቆጥሯቸው ቁጥሮች ነበሩ፡፡ በዚህ ተራ 532 ስንተኛ እንደሆነ ብንቆጥር 19ኛ ሆኖ እናገኘዋለን፡፡ በአጋጣሚ ይሁን እንጂ ለጨረቃ ዙር ወዳጆች ደስ የሚል አጋጣሚ ነው፡፡

አሠራሩን በአንድ ዓመት እንይ፡፡ 2018 ዓ.ም.ን እንውሰድ፡፡ 5500 ሲጨመርበት ዓመተ ዓለሙ 7518 ይሆናል፡፡ በ4 ሲካፈል 1879 ደርሶ 2 ይቀራል፤ ዘመነ ማርቆስ ነው፡፡ 7518 እና 1879 ተደምረው 9397፤ በ7 ሲካፈል 3 ይቀራል፡፡ ቀሪው 1 ሲሆን ማክሰኞ ተብሎ ስለሚጀመር 3 ሐሙስ ነው፤ መስከረም 1 ሐሙስ ዋለ፡፡ 7518 በ19 ሲካፈል 13 ይቀራል፤ አንዱ ለዘመን ተቀንሶ ወንበሩ 12 ይሆናል፡፡ 12 በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴው 12፤ 12 በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ መጥቅዑ 18 ነው፡፡ ድምራቸው 30፡፡ መስከረም 18 እሑድ ነው፡፡ የእሑድ ተውሳክ 7 ሲጨመር 25፤ ጾመ ነነዌ ጥር 25 ቀን ሰኞ ይገባል፡፡ ከዚያ 69 ቀን ሲቆጠር ትንሣኤ ሚያዝያ 4 ቀን እሑድ ላይ ያርፋል፡፡ ቴሌስኮፕ የለም፣ ሠንጠረዥ የለም፤ ከ4፣ ከ7፣ ከ19 እና ከ30 በላይ አካፋይም የለም፡፡

ይኸው ዓመት ከ532 ዓመት በፊት፣ በ1486 ዓ.ም.፣ የዐፄ እስክንድር ዘመን ማብቂያ ላይ ልክ በዚሁ መልክ ውሎ ነበር፡፡ ዳግም የሚመጣው በ2550 ዓ.ም. ነው፡፡ ለታሪክ ተመራማሪዎች ይህ ትልቅ መሣሪያ ነው፡፡ በአንድ የብራና መጽሐፍ ላይ ወንጌላዊው፣ የመስከረም 1 ዕለትና አበቅቴው ከተጻፉ ሦስቱ አብረው የሚገጥሙት በ532 ዓመት ውስጥ አንድ ዓመት ብቻ ነው፡፡ ጸሐፊው ዓመቱን ባይጽፍም ጽፎታል ማለት ነው፡፡

እውን የድሜጥሮስ ነውን?

የታሪክ ማስረጃው ሒሳቡን በሙሉ ለአንድ ሰው አይሰጠውም፡፡ የ19 ዓመቱ ዙር ከድሜጥሮስ ስድስት መቶ ዓመት በፊት በባቢሎናውያንና በግሪኮች ዘንድ ይታወቅ ነበር፤ የአቴናው ሜቶን በ432 ቅድመ ልደት ክርስቶስ አስተዋውቆታል፡፡ በአንጻሩ ከድሜጥሮስ በኋላ በ247 የተሾመው የእስክንድርያው ዲዮናስዮስ ለፋሲካ ይጠቀም የነበረው የ8 ዓመት ዙር እንደነበር አውሳብዮስ ጽፏል፡፡ 19ኙን ዓመት ለፋሲካ ያዋለው የእስክንድርያ ተወላጁ አናቶልዮስ የታወቀው ከዚያ በኋላ ነው፡፡ 532ትን በተሟላ መልኩ የዘረጋው ደግሞ በ5ኛው ምዕት ዓመት መባቻ የነበረው የእስክንድርያ መነኩሴ አንያኖስ እንደሆነ ይነገራል፡፡ በምዕራቡ ዓለም ቪክቶርዮስ ዘአኪታንያ ይህንኑ ቁጥር በ457 ተጠቅሞበታል፡፡

እንግዲህ ድሜጥሮስ ምን ቀረው? ብዙ ቀረው፡፡ ፋሲካን በስምምነት ለማክበር ከተጻጻፉት የመጀመሪያዎቹ ጳጳሳት አንዱ ነበር፡፡ በእስክንድርያ ለዘመናት የጎለመሰው ሒሳብ ባለቤት ሲፈለግለት ስሙ ለእርሱ መሰጠቱ ያለ ምክንያት አይደለም፡፡ ምርጫው ስለ መራጮቹም ይናገራል፡፡ አባቶች ሒሳቡን ለታላቁ ፈላስፋ ለኦሪገን ሊሰጡት ይችሉ ነበር፡፡ የሰጡት ግን ወይን ሲኮተኩት ለተጠራው መሃይም ነው፡፡ ወቅትን ማወቅ የገበሬ ዕውቀት ነውና፡፡ ትርጉሙ ደግሞ ግልጽ ነው፤ ማካፈልና መግደፍ የሚችል ሁሉ የዘመንን ቁልፍ ሊይዝ ይችላል፡፡

በእስክንድርያ የበቀለው ሒሳብ በግሪክኛ ብዙ ሳይቆይ በሌላ መልክ ሲተካ በግዕዝ ግን ተጠብቆ ቆየ፡፡ የጥንት ሥነ ፈለክ ታሪክ ሊቅ የሆነው ኦቶ ኖይገባወር እ.ኤ.አ. በ1979 ስለ ኢትዮጵያ ሥነ ፈለክና ባሕረ ሐሳብ ባሳተመው መጽሐፍ የጥንቱ የእስክንድርያ አቆጣጠር በኢትዮጵያ መጻሕፍት ውስጥ መትረፉን አሳይቷል፡፡ በአማርኛም ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በባሕረ ሐሳብ ላይ የጻፉት መጽሐፍ ትምህርቱን ለዘመናዊው አንባቢ አቅርቧል፡፡

ቁጥሩ ሲመለስ ሰማዩ አይመለስም

532 በራሱ ውስጥ ፍጹም ነው፡፡ ሰማዩ ግን ለሙሉ ቁጥር አይገዛም፡፡ እውነተኛዎቹ 6,580 የጨረቃ ወራት ከ194,313 ቀን ከአንድ ቀን ተኩል በላይ ያንሳሉ፡፡ የፀሐይ ዓመትም ከ365 ቀን ከ6 ሰዓት 11 ደቂቃ ያህል ስለሚጎድል በ532 ዓመት ውስጥ 4 ቀን ገደማ ይዛነፋል፡፡ ዛሬ የቀመሩ ጨረቃ ከሰማዩዋ ጨረቃ በጥቂት ቀናት የምትዘገየው ለዚህ ነው፡፡

ሮም ይህን ለማረም እ.ኤ.አ. በ1582 የጎርጎርዮሳዊውን አቆጣጠር አወጀች፡፡ ጥራቱ ጨመረ፤ ዋጋውም አብሮ ጨመረ፡፡ በአዲሱ አቆጣጠር የፋሲካ ቀኖች ተራ ተመልሶ የሚደገመው ከ5,700,000 ዓመት በኋላ ነው፡፡ አንዱ ለሰማዩ የቀረበ ነው፤ ሌላው በሰው አእምሮ የሚያዝ ነው፡፡ በቃል የሚማር ደቀ መዝሙር 532ን ሊሸከም ይችላል፤ 5.7 ሚሊዮንን ግን አይችልም፡፡ በአንድ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1583፣ ጆሴፍ ስካሊገር 532ን በ15 አባዝቶ 7980 ዓመት የሚፈጅ ዙር አቀረበ፡፡ የሥነ ፈለክ ባለሙያዎች እስካሁን ቀን የሚቆጥሩት ከዚያ ዙር መነሻ ነው፡፡ በእኛም ዘንድ 15ኛው ዐቢይ ቀመር በ1949 ዓ.ም. ጀምሮ ዓመተ ዓለም 7980 ሲሞላ፣ በ2480 ዓ.ም. ይፈጸማል፡፡ የሁለቱ መነሻ ስለሚለያይ ፍጻሜያቸው አይገናኝም፤ ቁጥሩ ግን አንድ ነው፡፡

በሐዋሳ የመሥሪያ ቤቱ የዓመት ፈቃድ ዕቅድ፣ የሆቴሉ የፋሲካ ዝግጅት፣ የፋብሪካው የሥራ ፈረቃ፣ ሁሉም በዚህ ሒሳብ ላይ ይመረኮዛል፡፡ ቀኑን የሚነግረን የእጅ ስልክም ከውስጥ የሚሠራው በ4፣ በ7 እና በ19 እያካፈለ ነው፡፡ ልዩነቱ ስልኩ መልሱን ይሰጣል እንጂ መንገዱን አያስተምርም፡፡ አያንቶዎቹ ኮከብ ማንበብን ለልጆቻቸው ካላስተላለፉ ፍቼ ቀኑን እንደሚያጣ ሁሉ፣ ባሕረ ሐሳብም በጥቂት መምህራን እጅ ብቻ ከቀረ ውርስነቱ ቀርቶ የታተመ ወረቀት ብቻ ይሆናል፡፡ ድሜጥሮስ 30 ሱባኤ ገባበት የተባለው ሒሳብ ለዛሬ ተማሪ የሚጠይቀው አንድ ከሰዓት በኋላና አንድ ብጣሽ ወረቀት ነው፡፡